ባንቴ እንቢ ያለ ዕለት

በዋርካ በር ከተማ ሰው ለመደብደብ ፈቃድ ማውጣት ቀላል ነው። ጣጣው ከተደባደቡ በኋላ ነው የሚመጣው።

ደንቡ የወጣው ዘርጋው ከመወለዱ በፊት ነው። በዚያ ዘመን የከተማው መዝናኛ ቤቶች ሁሉ የቦክስ ግጥሚያ ማሳየት ጀምረው ነበር። ከግጥሚያው በኋላ ደግሞ ደጋፊ ከደጋፊ እየተፈነካከተ አስቸገረ። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ብዙ ሻይ ከጠጣ በኋላ አንድ አጭር ደንብ አጸደቀ፦ በመዝናኛ ቤት ውስጥ የተደባደቡ ሁለት ሰዎች ሳይታረቁ በሩ አይከፈትም። መቺው ያሸነፈው ነውና አሸናፊው ድንጋይ ተሸክሞ ከተሸናፊው እግር ሥር ይወድቃል። ተሸናፊው «ይቅር ብያለሁ» ሲል በሩ ይሰማና ይከፈታል። ሰው ሁሉ ተሳስቆ ወደ ቤቱ ይገባል።

እስከዚህ ድረስ ማንም ቅር አላለውም። ግን ምክር ቤት መቼ ዝም ብሎ ይቀመጣል! ጥቂት ዓመት ቆይቶ «የታረቀ አይጣላም» አለና አንዴ የታረቁ ሰዎች ዳግም እንዳይጋጠሙ ከለከለ። ሌላው ምክር ቤት ደግሞ ከፊተኛው አንሶ ላለመታየት «የታረቀ ወንድም ነው» ሲል ጨመረበት። ወንድም ከተባለ ዘር ይቆጠራል፤ ዘር ከተቆጠረ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ጋብቻ የለም። ከውጭ ቦክሰኛ እንዳይመጣ ደግሞ የአገሬውን ወጣት የሥራ ዕድል ይሻማል ተብሎ ቀድሞውኑ ተከልክሏል።

በዚህ ዓይነት ሁለት ትውልድ ካለፈ በኋላ ዋርካ በር በምድር ላይ እንደ እርሷ ሰላማዊ የሌለ ከተማ ሆነች። የሚደባደብ ሰው አለቀባት፤ የሚጋባም እንደዚሁ። ጎረምሶቹ ሚስት ፍለጋ በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ይሄዱና ከሄዱበት ሳይመለሱ ይቀራሉ።

ዘርጋው ቀን ቀን የሕንፃ መስኮት የሚወለውሉ ማሽኖችን ይጠግናል። እሑድ እሑድ ደግሞ ሰንበሌጥ በሚባለው መዝናኛ ቤት ቦክስ ሲገጥም ኖሯል። ከአንድ ሰው በቀር በክብደቱ ካሉት ጋር ሁሉ ተደባድቦ ከሁሉም ጋር ታርቆ ጨርሷል። በመንገድ ሲያልፍ «ወንድሜ!» ብሎ የማይጠመጠምበት የለም። በዓል በመጣ ቁጥር እንኳን አደረሳችሁ ለማለት የሚዞረው ቤት ብዛት ከቡጢው ይልቅ ያደክመው ነበር። ለአቅመ ሔዋን የደረሱት የከተማዋ ሴቶችም በሙሉ እህቶቹ ሆነውበታል።

ከአንዷ በቀር። የውብዳር የባንተዓምላክ እህት ናት፤ ከሰፈር ሰፈር የሚበረውን አውቶቡስ የምትነዳ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ። ባንተዓምላክን ሰው የሚያውቀው ባንቴ ብሎ ነው። ዘርጋውና ባንቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ ጆንያ ላይ ቡጢ እየተለማመዱ ያደጉ ናቸው። ተጣልተው አያውቁም፤ ስላልተጣሉም አልታረቁም። ስለዚህ በሕግ ፊት ባዳ ናቸው። ዘርጋው ሽማግሌ ልኮ የውብዳርን ሲጠይቅ፣ ከቤተሰቡ ሁሉ አስቀድሞ እሺ ያለው ባንቴ ነበር።

ባንቴ እሺ ማለቱ ማንንም አልደነቀም። ሰውየው በሕይወቱ እንቢ ብሎ አያውቅም። ጫማውን ለምነው ወስደውበት በባዶ እግሩ ወደ ሥራ የሄደበት ቀን አለ። የዕድሩን ድንኳን የሚተክለው እሱ ነው፤ በሠርግ እንግዳ የሚያስቀምጠው፣ በለቅሶ ቤት ውሃ የሚቀዳው፣ አልቃሹን የሚደግፈው እሱ ነው። ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ባንቴ ከሌለ፣ መሰብሰቡ ራሱ ያጠራጥራል።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። በዐቢይ ጾም መካከል የወረዳው የግጥሚያ ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ጥሩሰው ወደ ልምምድ ቤቱ መጡ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ሁለቱን ጓደኛሞች አዩአቸው።

«ሁለታችሁ ብቻ ቀርታችኋል» አሉ።

«ከምን፣ እትዬ?» አለ ባንቴ።

«ካልታረቁት።»

«ጓደኛሞች ነን እኮ።»

«ችግሩስ እሱ አይደል! ያልተጣላ ሰው አልታረቀም። ያልታረቀ ሰው ደግሞ በልቡ ምን እንደያዘ ማን ያውቃል?»

ዘርጋው የያዘውን ገመድ ጣለ። «ባንጋጠምስ?»

«እንቢ ካላችሁማ ቂም አለባችሁ ማለት ነው። ንጹሕ ልብ ያለው ሰው መደባደብ ምኑ ያስፈራዋል?»

«እትዬ ጥሩሰው፣ እህቱን ላገባ ነው። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለህ። ግጥሚያው ከፋሲካ በፊት ነው።»

«ከታረቅን እኮ እህቴ ልትሆን ነው!»

«እህት ማግኘት ይጠላል እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩሰው። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፤ የምራቸውን ነው። ዘርጋው ሠርጉን እናስቀድመው ቢል ደግሞ፣ ለግጥሚያ ተጠርቶ የሚያገባ ሰው ከዕርቅ እንደሸሸ ይቆጠራል አሉት።

«ካልታረቁስ?» ሲል ጠየቀ ባንቴ በቀስታ።

ወይዘሮ ጥሩሰው ይህን ጥያቄ ሰው ጠይቋቸው ስለማያውቅ ትንሽ አሰቡ። «በደንቡ አለ። እንቢ ያለው ተበዳይ ቂመኛ ይባላል። ዕድሜ ልኩን ከሦስት ሰው በላይ ባለበት አይቆምም፣ አይቀመጥም። ሠርግ የለው፣ ለቅሶ የለው፣ ዕድር የለው። ግን እስከ ዛሬ እንቢ ያለ የለም፤ ሽማግሌ እግር ላይ ወድቆ ማን እንቢ ይላል?»

ዘርጋው የዚያን ሰሞን እህል አልበላ አለው። አስቦ አስቦ አንድ መላ መጣለት። እሱ ይሸነፋል። ባንቴ ድንጋይ ተሸክሞ እግሩ ሥር ሲወድቅ «ይቅር አልልም» ይላል፤ ቂመኛ ይባላል። ከዚያ ከየውብዳር ጋር ከአንድ ምስክር ፊት ቆመው ይፈራረማሉ፤ ሦስት ሰው ናቸው፣ ሕግም አይነካም። ለባንቴ አልነገረውም። ባንቴ ከሰማ ሌላ ሰው ሲጠይቀው ሁሉንም ዘክዝኮ ይናገራል፤ እንቢ ማለት አያውቅማ።

የግጥሚያው እሑድ ከቀትር በኋላ ሰንበሌጥ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። በዋርካ በር ለቡጢው ብሎ የሚመጣ ሰው ከቀረ ቆይቷል። ሰው የሚመጣው ለዕርቁ ነው። ውድ የሚባለው ወንበር ተሸናፊው ሲያለቅስ ፊቱ በደንብ የሚታይበት ነው። መሐረብ በር ላይ ይሸጣል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ከመድረኩ ሥር ተቀምጠዋል። የሁሉም አለቃ ጋሽ መንበሩ ከምሳ ግብዣ መምጣታቸው ነው፤ ጠላው ጥሩ ስለነበር ሳይሳሱ ጠጥተዋል።

ደወሉ ተደወለ። በደንቡ መሠረት ቦክሰኛ ከመምታቱ በፊት «በቅድሚያ ይቅርታ» ማለት አለበት። ባንቴ «በቅድሚያ ይቅርታ» ብሎ ትከሻውን ነካ ሲያደርገው ዘርጋው እንደ ተቆረጠ ግንድ ዘጭ አለ።

ተመልካቹ አጉረመረመ። ዳኛው መቁጠር ሲጀምር ባንቴ ጎንበስ ብሎ ጓደኛውን በብብቱ ይዞ አነሣው።

«ተነሥ!» አለው።

«ተወኝ» አለ ዘርጋው እግሩን እያልፈሰፈሰ።

«ምን እንዳሰብክ አውቄአለሁ። አልጫ!»

ዘርጋው እንደገና ወደቀ። ባንቴ እንደገና አነሣው። ዳኛው በዘመኑ አንዱ ቦክሰኛ ሌላውን ቁም ብሎ ሲለምን አይቶ ስለማያውቅ ደንቡን ለማሰብ ጥግ ይዞ ቆመ። ሁለቱ ተቃቀፉ። ከሩቅ ለሚያይ የሚተናነቁ ይመስላሉ።

«ቂመኛ ልትሆን ነው አይደል?» አለ ባንቴ በጆሮው።

«እና ምን ይጠበስ?»

«የውብዳር መውለድ ትፈልጋለች። አንድ ስትወልዱ ሦስት ሆናችሁ። ሁለተኛው ሲመጣ አንተ ከቤት ልትወጣ ነው?»

ዘርጋው ደነገጠ። ይህን አላሰበም። እጁን ለቀቀና ከግንባሩ ላብ ሊጠርግ ክንዱን አነሣ። ባንቴም ይህችን ብቻ ነበር የሚጠብቀው፤ አገጩን አምጥቶ ከዘርጋው ክርን ጋር አላተመና በጀርባው ተዘረረ። ዓይኑን ጨፍኖ ዳኛው ቆጥሮ እስኪጨርስ ድረስ አልተነቃነቀም። እንዲያውም ዳኛው ሲዘገይበት «ቀጥል» ሲለው የሰሙ አሉ።

«ዘርጋው አሸነፈ!»

ሕዝቡ ወንበሩን እያስጠጋ መሐረቡን አወጣ።

የዘርጋው ልብ ግን እንደ ድንጋይ ከበደው። ባንቴ የተሸከመው ነገር አሁን ነው የገባው። ከዚያ ይልቅ ያስፈራው ሌላ ነገር ነበር። ባንቴ እንቢ ማለት አይችልም። ጫማህን ስጠኝ ሲሉት አውልቆ የሰጠ ሰው፣ ሦስት ሽማግሌ አፈር ስሆን ሲሉት እንዴት ይችላል? «እሺ» የምትለዋ ቃል ከአፉ ከወጣች የውብዳር ያን ጊዜውኑ እህት ትሆናለች። ዘርጋው አምላኩን ለመነ፤ ግን ጓደኛዬን ይቅር አይለኝ ዘንድ አድርግ ብሎ መለመን ነውርም መሰለው።

የማዘጋጃ ቤቱ ድንጋይ መጣ። ድሮ እውነተኛ ድንጋይ ነበር፤ አሸናፊዎች ወገባችን ተቆረጠ ብለው ስላመለከቱ አሁን ውስጡ ባዶ ነው። ክብደቱ እንዳይረሳ ግን ድምፅ ተገጥሞለታል፤ ተሸካሚው ባያቃስት ድንጋዩ ያቃስትለታል። ዘርጋው ተሸክሞት ሄዶ ከባንቴ እግር ሥር በግንባሩ ተደፋ።

«አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለ። ማለት ግዴታው ነው። ድንጋዩ አንገቱ ላይ ሆኖ «እህህ» አለ።

ባንቴ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ።

ጋሽ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ባንተዓምላክ፣ ሰው ሆኖ የማይበድል የለም። እኛ ሽማግሌዎችህ ከፊትህ ተቀምጠናል። እንደምታውቀው ሽማግሌ እንቢ ተብሎ አይነሣም። ይቅር በል።»

ባንቴ ላቡን በክንዱ ጠረገ። ከግጥሚያው ይልቅ አሁን ነው ያላበው። ዘርጋው ከወለሉ ሆኖ የሚያየው የባንቴን እግር ብቻ ነበር፤ ጣቶቹ ወለሉን ቆንጥጠው ይዘዋል።

«አይሆንልኝም፣ አባቴ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የሱ አልመስል ብሎ።

ሕዝቡ የያዘውን መሐረብ ቁልቁል አወረደ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ አወራ። ሽማግሌዎቹ «አፈር ስሆን!»፣ «በሞትኩት!»፣ «በወላዲቷ!» እያሉ ጎተጎቱት። አንዲት ሴት ወጥ እሳት ላይ ጥጃለሁ ብላ ጮኸች። ከኋላ ያለ አንድ ብልጥ ድምፁን አወፍሮ «ይቅር ብያለሁ!» ሲል በሩን ሊያታልል ሞከረ፤ በሩ ግን የባንቴን ድምፅ ያውቃል፣ ከቁም ነገር ሳይቆጥረው እንደተዘጋ ቀረ። ቆይቶ ሕዝቡ ከወንበር ወንበር እየተያየ ተንበረከከ። መላው አዳራሽ በጉልበቱ ሆኖ አንድ ሰው ይለምን ጀመር። እነዚህ ሁሉ ባንቴ ድንኳን የተከለላቸው፣ ለቅሶ የደረሳቸው ሰዎች ናቸው።

ጋሽ መንበሩ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቁ። እግራቸውን አጣምረው ጥርሳቸውን ነክሰዋል፤ ጠላው ሥራውን እየሠራ ነው።

«አይሆንልኝም፣ አባቴ። አይቆጡኝ።»

«አንቺ እህቱ፣ ለምኚው እንጂ!» አለ አንዱ ሽማግሌ።

የውብዳር ከወንበሯ ተነሣች። ዘርጋው ቀና ብሎ ሊያያት ሲሞክር ድንጋዩ አቃሰተና ተወው። ወደ መድረኩ መጥታ ወንድሟን ፊት ለፊት አየችው። ታለቅስ ነበር።

«ባንቴ» አለችው፣ «ይቅር በል። ባል የትም ይገኛል። አንተ ያለ ሰው እንዴት ትኖራለህ? ለቅሶ ሳትደርስ፣ ሠርግ ሳትበላ... አንተን እኮ ነው የማውቅህ። በዓመትህ ትሞታለህ። እኔ በሌላ አገር አገባለሁ፤ ይቅር በል፣ ወንድሜ።»

ባንቴ እህቱን አየ፤ ከዚያ የተንበረከከውን ሕዝብ አየ። አንድ በአንድ የሚያውቃቸው ናቸው። ከሁሉም ሳይሰናበት በአንዴ ሊለይ መሆኑን ያን ጊዜ ያሰበ ይመስላል።

«ለሁሉም እሺ ስል ነው የኖርኩት» አለ። «አንዲት እንቢ ተርፋኛለች። ለእናንተ ትሁን።»

ጋሽ መንበሩ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ጥያቄ በሩጫ ጠየቁ።

«እንቢ!» አለ ባንቴ፤ እንዲህ ሲጮህ የሰማው ማንም የለም። «ይቅር አልልም! እስክሞት አልታረቀውም!» እንባው እየወረደ ከዘርጋው አንገት ላይ ጠብ ጠብ አለ። ዘርጋውም ፊቱን ከወለሉ ላይ ደፍቶ ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ደስታው ነው ኀዘኑ፣ ራሱም አልለየውም። ድንጋዩ ከሁለቱም በላይ አቃሰተ።

«ቂሙ ጸንቷል!» ብለው አወጁ ጋሽ መንበሩ፤ ብድግም አሉ።

በሩ ግን አልተከፈተም። ይህን ቃል ማንም አላስተማረውም። ወይዘሮ ጥሩሰው ወደ ማዘጋጃ ቤት ደወሉ፤ እሑድ ነው፣ የሚያነሣ የለም። ጋሽ መንበሩ ከአንድ እግራቸው ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ወደ ቂመኛው ቀረቡ።

«ባንቴ፣ ልጄ... እባክህን ይህን በር...»

«እሺ፣ አባቴ» አለ ባንቴ። ሄዶ ትከሻውን አስደግፎ በሩን ከነማጠፊያው ገነጠለላቸው። ሽማግሌው እየሮጡ ወጡ። ባንቴም ተከትሏቸው ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ከሦስት ሰው በላይ ባለበት መቆም አይፈቀድለትምና።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተደገሰ። ዕድሩ ድንኳን ሊተክል በማለዳ ሲመጣ ድንኳኑ ተተክሎ አገኘው። በአካባቢው ሰው አልነበረም። ዘርጋው ገመዱን ቀረብ ብሎ አየው፤ አተሳሰሩ የባንቴ ነበር። ሙሽሮቹ ሲወጡ ባንቴ ከመንገዱ ማዶ፣ ሱፉን ለብሶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር። ጀርባ መስጠቱም ደንብ ነው። ቂመኛ ከባላጋራው ጋር ፈገግታ ከተለዋወጠ እንደታረቀ ይቆጠራል፤ ያን ጊዜ ሙሽሮቹ እህትና ወንድም ይሆናሉ፣ ጋብቻውም ይፈርሳል። ወይዘሮ ጥሩሰው በየዓመቱ እየመጡ ቂሙ በደህና ሁኔታ ላይ መሆኑን ያጣራሉ።

መሳደብ ግን አልተከለከለም። ባንቴ በየማለዳው ወደ ሥራ ሲሄድ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ጀርባውን ይሰጥና ይጮኻል።

«አንተ ከንቱ! ያ ጉልበትህ አሁንም ያምሃል አሉ! ይበልህ! ዝንጅብል አጥሩ ሥር ወድቋል፣ አፍልተህ ጠጣና ፍዳህን እይ!»

«ሂድ ወዲያ፣ ደረቅ!» ይላል ዘርጋው። «ብቻህን ሽሮ ትበላለህ አሉ፤ እህትህ ዶሮ ሠርታ አጥሩ ላይ አስቀምጣልሃለች፣ ይነቅህ!»

ሰፈሩ ይህን ስድብ ሰምቶ ነው ከአልጋው የሚነሣው። አንድ ቀን ባንቴ ቢዘገይ ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ነካው?» ብሎ ይጨነቃል። ቤቱ ሄዶ ለመጠየቅም ደንቡን ጠብቀው ሁለት ሁለት እየሆኑ ወረፋ ይይዛሉ። ባንቴ በሕይወቱ እንደዚህ ብዙ እንግዳ አስተናግዶ አያውቅም።

ዘንድሮ ወይዘሮ ጥሩሰው ሲመጡ የዘርጋው ትልቋ ልጅ አፍ ፈትታለች፤ ሁለተኛው ደግሞ ገና በእናቱ ጀርባ ላይ ነው። አራት ሰው በአንድ ቤት። ባንቴ እንደ ልማዱ ከአጥሩ ማዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ዘርጋው ትልቋን ትከሻው ላይ አስቀምጧት ነበር። እሱ ሳይናገር ልጅቷ ትንሽ ጣቷን ወደ አጥሩ ማዶ ቀሰረችና በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

«ከንቱ!»

የባንቴ ትከሻ ተርገፈገፈ። ቆይቶም አላቆመም።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ ወይዘሮ ጥሩሰው።

«ተናዶ ነው፣ እትዬ» አለ ዘርጋው።

ተቆጣጣሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ብዙ ጊዜ ጠረጉ። «በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ የጸና ቂም አላየሁም» አሉ። «ለልጅም ተላለፈ። ይሁን፣ ጋብቻችሁ ጸንቷል።»

ዘርጋው ልጅቷን ትከሻው ላይ አመቻችቶ ጮኸ።

«ሂድ ወዲያ! ነገ እንዳላይህ!»

ባንቴ ዞር አላለም።

«ነገም እመጣለሁ! ምን ታመጣለህ!»